ከርባል ለምትጀምሩ፦ መጀመሪያ መሬቱን ልቀሙ

ድሬ ላይ የከሰዓቱ ሙቀት ከቤት ሲያስቀምጠን ከታናሽ ወንድሜ ጋር ከርባል ስፔስ ፕሮግራም የተባለውን ሮኬት እየሠሩ የማስወንጨፍ የኮምፒውተር ጨዋታ እንጫወታለን። ትናንት የመነሻውን 25,000 የጨዋታ ገንዘብ በአንድ ትልቅ ሮኬት ሊጨርሰው ሲል እጁን ያዝኩት።

ካሪየር (በገንዘብና በውል የሚሠራውን የጨዋታ ዓይነት) ስትጀምሩ ካፕሱሏን፣ ማለትም አብራሪው የሚቀመጥባትን ክፍል፣ ብቻ ማስወንጨፊያው ላይ አውጧት። የአብራሪውን ሪፖርት ውሰዱ፣ አስወርዳችሁም ሌላ ሪፖርት አስደርጉት፣ ከዚያ አቧራማው የአውሮፕላን መንደርደሪያ ላይ ያንኑ ድገሙ። ሳትበሩ ከመለሳችኋት ዋጋዋ ሙሉ በሙሉ ይመለሳል፤ ከሪፖርቶቹ የምታገኙት ሳይንስ (ቴክኖሎጂ የሚከፈትበት ነጥብ) ትርፍ ነው! የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቴክኖሎጂዎች እያንዳንዳቸው 5 ሳይንስ ብቻ ነው የሚጠይቁት።

ውል ስትቀበሉ ቅድመ ክፍያው ወዲያው ይገባል፤ ግን ካልፈጸማችሁት ቅጣት አለው። ስለዚህ ዛሬ ባላችሁ ዕቃ የምትጨርሱትን ብቻ ፈርሙ። ስትመለሱም ማስወንጨፊያው አጠገብ ለማረፍ ሞክሩ፤ በራቃችሁ ቁጥር የሚመለሰው ገንዘብ ይቀንሳል።