ማዳበሪያ የማይፈታው መቀጨጭ፦ በጅማ ችግኝ ጣቢያዎች የሥር ፈንገሶች ችግርና መፍትሄ

በጅማና በአካባቢዋ ችግኝ ሲቀጭጭ ወይም ቅጠሉ ሲገረጣ አብዛኛው ሰው በቅድሚያ የሚያስበው ማዳበሪያ መጨመርን ነው። ይሁንና አብዛኞቹ ዛፎች ፎስፈረስ የተባለውን ንጥረ ምግብ ከአፈር የሚያገኙት ማይኮራይዛ በሚባሉ፣ ከሥር ጋር ተጣምረው በሚኖሩ ፈንገሶች አማካይነት ነው። የጅማ ቀይ አፈር ደግሞ አሲዳማ በመሆኑና በውስጡ ያለው ብረትና አሉሚኒየም ፎስፈረስን አጥብቆ ስለሚይዝ፣ ፈንገሱን ያጣ ችግኝ ማዳበሪያ እየተጨመረለትም ሊራብ ይችላል። ስለዚህ አስቀድሞ መታወቅ ያለበት ዛፉ ከየትኛው የፈንገስ ወገን ጋር እንደሚጣመር ነው።

የፓቱላ ችግኝ ቢጫ ወይም ወይን ጠጅ ሆኖ ሲቆም

ፓቱላ የተባለው የፓይን ዛፍ ችግኝ በደንብ ይበቅልና ጥቂት ካደገ በኋላ ባለበት ይቀራል፤ መርፌ መሰል ቅጠሎቹም ይገረጣሉ ወይም ወደ ወይን ጠጅ ይለወጣሉ። ዋናው መለያ ግን በዚያው መደብ ውስጥ እዚህም እዚያም በቡድን የቆሙ ለምለም ችግኞች መታየታቸው ነው። ጉድለቱ የውኃ ወይም የማዳበሪያ ቢሆን ኖሮ መደቡ በአመዛኙ አንድ ዓይነት መልክ ይይዝ ነበር፤ ለምለሞቹ ፈንገሱ በአጋጣሚ የደረሳቸው ናቸው።

ምክንያቱ ፓቱላ የአገራችን ዛፍ አለመሆኑ ነው። ከሜክሲኮ የመጣ ሲሆን፣ የሚጣመራቸው ፈንገሶችም የሥሩን ጫፍ ከውጭ እንደ ሽፋን የሚያለብሱ፣ በተፈጥሮ ደኖቻችን አፈር ውስጥ በቀላሉ የማይገኙ ናቸው። በብዙ የአፍሪካ አገሮች የመጀመሪያዎቹ የፓይን ተከላዎች ፈንገሱን የያዘ አፈር ከሌላ ቦታ እስኪመጣላቸው ድረስ አልሰመሩም። በዚህ ምክንያት በለጠ ጌራ ከተባለው የጅማ አካባቢ የተፈጥሮ ደን የተቆፈረ ጥቁር አፈር፣ ለም ቢሆንም እንኳ፣ ለፓቱላ መፍትሄ አይሆንም፤ በዚያ ደን የሚበዙት ዛፎች የሚጣመሩት ሥር ውስጥ ገብቶ ከሚኖረው ከሌላው ወገን ጋር ነውና። ደኑን ያለ ጥቅም መቆፈርም ተጨማሪ ጥፋት ነው።

ለማረጋገጥ አንድ ችግኝ ከነአፈሩ ነቅሎ ሥሩን በውኃ ቀስ ብሎ ማጠብ ይበቃል። አጫጭር፣ ወፈር ያሉና ጫፋቸው ለሁለት የተሰነጠቀ ሥሮች ከታዩ ፈንገሱ አለ፤ ሥሩ ቀጭንና ራቁቱን ከሆነ ግን የለም።

መፍትሄው ጤናማ ከሆነ የቆየ የፓቱላ ተክል ሥር፣ ያልበሰበሰውን የቅጠል ንጣፍ ገለጥ አድርጎ፣ ቀጫጭን ሥሮች ያሉበትን የላይኛውን አፈር መውሰድና ከዘጠኝ እጅ የመደብ አፈር ጋር አንድ እጅ መቀላቀል ነው። አፈሩ ፀሐይ ሊመታው አይገባም፤ እርጥበቱን እንደያዘ ወዲያው ቢሠራበት ይመረጣል። ችግኙ አስቀድሞ በፕላስቲክ ውስጥ ከሆነ ከሥሩ አጠገብ ቀዳዳ አበጅቶ ጥቂት አፈር መክተት ይቻላል። ከፓይን ሥር የሚበቅሉ ሱይለስ የተባሉ እንጉዳዮችን፣ ወይም መሬት ውስጥ ተሰውሮ የሚያፈራውንና ትራፍል የተባለውን ውድ የምግብ እንጉዳይ የሚመስለውን ራይዞፖጎን በውኃ አድቅቆ ማጠጣትም ይሠራል። ለውጡ ሳምንታት ስለሚፈጅ በመካከሉ ተስፋ ቆርጦ ማዳበሪያ ማብዛት አይገባም።

ባሕር ዛፍ ከሁለቱም ወገኖች ጋር ስለሚጣመር በዚህ ረገድ ብዙ አያስቸግርም። የሐበሻ ጽድና የፈረንጅ ጽድ እንደ ፓቱላ ሳይሆን እንደ ቡና ሥር ውስጥ ከሚኖረው የፈንገስ ወገን ጋር ይጣመራሉ። ግራቪሊያ ግን በራሱ ጥቅጥቅ ያሉ ሥሮች ፎስፈረስ ስለሚያወጣ ፈንገስ መጨመር ድካም ብቻ ነው፤ ፎስፈረስ ማብዛትም ሊጎዳው ይችላል።

የቡና ችግኝ መደቡን ሙሉ ሲቀጭጭ

የቡና ፈንገስ ሥር ውስጥ ስለሚኖር ቀለም ነክሮ በማይክሮስኮፕ ካላዩት አይታወቅም። ስለዚህ ምክንያቱ የሚፈለገው አፈሩ ከተዘጋጀበት መንገድ ነው። አፈሩ ከጥልቅ ተቆፍሮ ከሆነ ፈንገሱ ከመጀመሪያውም አነስተኛ ነው፤ በሽታ ለመግደል በሙቀት ታክሞ ከሆነ ጠቃሚውም አብሮ ሞቷል፤ ዳፕ ወይም ኤንፒኤስ የተባለው ፎስፈረስ ያለበት ማዳበሪያ በዝቶ ከሆነ ደግሞ ፎስፈረስ የጠገበ ችግኝ ፈንገሱን መመገብ ያቆማል። የፈንገስ መድኃኒት አፈር ላይ ማፍሰስም ያው ጉዳት አለው። በሽታ ከሌለበት ማሳ፣ ከብርብራ ወይም ከሰሳ ሥር የተወሰደ የላይ አፈር በጥቂት ችግኞች ላይ ብቻ ሞክሮ ካልተጨመረባቸው ጋር ማስተያየት ከግምት ያድናል።

ቡናው እየደረቀ ከግንዱ ሥር እንጉዳይ ሲበቅል

እዚህ ላይ እንጉዳይ መታየቱ የጤና ምልክት ተደርጎ ሊወሰድ አይገባም። በግንዱ ግርጌ ቅርፊቱ ሲላጥ ነጭና እንጉዳይ እንጉዳይ የሚሸት ስስ ንጣፍ ከተገኘ ጠንቁ አርሚላሪያ የተባለው የሥር አበስባሽ ነው። ይህ ፈንገስ ደን ሲመነጠር ከቀሩ ጉቶዎች ስለሚዛመት ጉቶውንና የታመመውን ሥር ነቅሎ ማቃጠልና ዙሪያውን ቦይ መቆፈር ያስፈልጋል። ከቅርፊቱ ሥር ያለው እንጨት ወደ ሰማያዊ ጥቁር ከተለወጠ ግን በሽታው ፉዛሪየም በተባለ ፈንገስ የሚመጣው የቡና አድርቅ ነው፤ ዛፉ እዚያው ይቃጠላል፣ የተቆረጠበት ገጀራም ወደ ሌላ ዛፍ ከመሄዱ በፊት በእሳት ይጸዳል።

ትራፍል ቢተከልስ?

ዋጋውን የሰማ ሰው ይህን መጠየቁ አይቀርም። ማይኮራይዛ ስሙን ያገኘውም በትራፍል ምክንያት ነው፤ ጀርመናዊው አልበርት በርንሃርድ ፍራንክ እ.ኤ.አ. በ1885 ቃሉን ያወጣው በፕሩሲያ ትራፍል ማልማት ይቻል እንደሆነ እንዲያጠና ታዝዞ ሳለ ነበር። ጥቁሩ ትራፍል ግን ኖራ የበዛበት፣ ፒኤች (የአሲዳማነት መለኪያው) ከ7.5 እስከ 8.3 የሆነ አፈር፣ እንደ ኦክና ሃዘልነት ያለ ተጓዳኝ ዛፍ፣ እንዲሁም እንደ አውሮፓ ያለ የብርድ ወቅት ይፈልጋል። የጅማን አፈር እዚያ ለማድረስ የሚፈሰው ኖራ እጅግ ብዙ ነው፤ አሲዳማ አፈር የሚወደውን ቡናም ይጎዳል። ከዚህም በላይ የትራፍል ፈንገስ ተላብሷል ተብሎ የሚሸጥ ችግኝ ርካሹን የቻይና ትራፍል የያዘ ሊሆን ይችላል፤ ይህንን በእርግጠኝነት የሚለየው የዘረ መል ምርመራ ነው።