የቆየ የጽሕፈት መኪናን ማጽዳትና ሪባኑን ዳግም ቀለም ማጠጣት

በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ ከመጋዘን የሚወጣ አሮጌ የአማርኛ የጽሕፈት መኪና ፊደሎቹ ተነሥተው አልመለስ ካሉ፣ ብዙውን ጊዜ የሚያስቸግረው የተሰበረ ዕቃ ሳይሆን ደርቆ እንደ ሙጫ የተጣበቀ ዘይትና አቧራ ነው። ስለዚህ ዘይት ከመጨመር በፊት ማጽዳት ይቀድማል።

አቧራው በደረቅ ብሩሽ ከተጠረገ በኋላ፣ የፊደል ዘንጎቹ የተሰኩበትን የግማሽ ክብ ብረት ስንጥቆች ጥቂት ቤንዚን በነካ የጥርስ ብሩሽ እያሹ ዘንጎቹን አንድ በአንድ ማንቀሳቀስ ያስፈልጋል። ነጭ ጋዝ ቅባት ትቶ ስለሚያልፍ አይመረጥም፤ ቤንዚኑም የወረቀት መጠቅለያውን ጎማ መንካት የለበትም። ቤንዚን በቀላሉ ስለሚቀጣጠል ሥራው ከእሳት ርቆ ነፋሻ በሆነ ስፍራ ይከናወን፤ በወሎ ቤት ውስጥ የቡና ከሰል የማይጠፋ በመሆኑ ይህ ማሳሰቢያ ትርፍ አይደለም። ስንጥቆቹ ፈጽሞ ዘይት አይቀቡም። አንድ ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት የሚበቃው ወረቀት ያዡ ክፍል ግራና ቀኝ ለሚመላለስበት ሐዲድ ብቻ ነው። የዐ፣ የወ፣ የመና የፀ ቀዳዳዎች በደረቀ ቀለም ስለሚደፈኑ በእንጨት ስንጥር ይጠረጉ።

ሪባኑን፣ ማለትም ፊደሎቹ የሚመቱትን ቀለም የጠጣ ጥብጣብ በተመለከተ፣ ጨርቁ ካልተበሳና ጠርዙ ካልተተረተረ መጣል አያስፈልግም። የአማርኛ መኪና አንዳንዱን ፊደል ምልክት እየደረበ ስለሚጽፍ አንዱን ቦታ ደጋግሞ ይመታል፤ በመሆኑም ጨርቁን አስቀድሞ ብርሃን ላይ ዘርግቶ ማየት ይገባል። ዋናው ነገር የቀለሙ ዓይነት ነው፦ ለጎማ ማህተም የሚሸጠው ውሃማ ቀለም ቶሎ ይደርቃል፣ ብረቱንም ያዝጋል፤ የሚስማማው ለብረት ማህተም የሚሆነው ዘይትማ ቀለም ነው። ጓንት አጥልቆ ሪባኑን ከአንዱ ማጠንጠኛ ወደ ሌላው እያዞሩ፣ በየጥቂት ዙሩ አንዳንድ ጠብታ መሐሉ ላይ ማንጠባጠብ ይበቃል፤ ቀለሙ ከበዛ ፊደሉ ይፈሳል። ጥቁርና ቀይ የሆነ ሪባን ቀለሙ እርስ በርስ ስለሚቀላቀል በጥቁር ብቻ እንዲሠራ መወሰን ይሻላል።

የተጠቀለለው ሪባን በላስቲክ ተሸፍኖ ቢያንስ አንድ ቀን ይቆይ። ብርድ ቀለሙን ስለሚያወፍረው በደሴ ሥርጭቱ ከኮምቦልቻ ይልቅ ይዘገያልና አንድ ቀን መጨመር አይከፋም። በመጨረሻም፣ በሪባኑ ሁለት ጫፎች አጠገብ ያሉት የብረት ቀለበቶች የሪባኑን መዞሪያ አቅጣጫ የሚያስቀይረውን ሹካ እየገፉ መሆናቸውን አረጋግጦ፣ ትርፉ ቀለም እስኪወጣ ድረስ በውዳቂ ወረቀት ላይ መጻፍ ነው።