አዳማ ባለው ቤት ላይ ለእናት ወይም ለአማት ክፍል ለማሠራት ላሰባችሁ

ውጭ አገር የሚኖር ልጅ ወላጆቹ ሲያረጁ መጀመሪያ የሚያስበው ገንዘብ መላክ ነው። ቀጥሎ የሚያስበው ቤት ነው። አባት ያርፋሉ፣ እናት ብቻቸውን ይቀራሉ። ወይም የባለቤታችሁ እናት ከገጠር ወደ ከተማ መምጣት ግድ ይሆንባቸዋል። አዳማ ላይ ደግሞ ወንድም ወይም እህት ትዳር ይዘው የሚኖሩበት ግቢ አለ። «እዚያው አንድ ክፍል ይሠራላቸው» ይባላል። ሐሳቡ ጥሩ ነው። ችግሩ የሚመጣው ክፍሉ የት ይሠራ የሚለው ላይ ነው።

ብዙውን ጊዜ የሚመረጠው ከጓሮ ያለው ሰርቪስ ነው። ቦታው አለ፣ ወጪው ያንሳል፣ ዋናው ቤት አይነካም። እኔ ብትጠይቁኝ ግን ይህን አታድርጉ። እናት ሌሊት ቢወድቁ ማንም አይሰማም። ሽንት ቤቱ ከክፍሉ ውጭ ከሆነ በዝናብና በጨለማ ግቢ ማቋረጥ አለባቸው። ሌላም ነገር አለ። ሰርቪስ በእኛ አገር የዕቃና የሠራተኛ ቦታ ነው። ልጆች ያሳደጉ ሴት እዚያ ሲገቡ ምንም አይሉም። ውስጣቸው ግን ይሰማቸዋል።

ክፍሉ ከዋናው ቤት ጋር ግድግዳ ይጋራ። ሁለት በር ይኑረው። አንዱ ወደ ሳሎን ያስገባ፣ ሌላው በቀጥታ ወደ በረንዳ ያውጣ። የሁለተኛው በር ነገር ትንሽ ሊመስል ይችላል። የቤቱን ሰላም የሚጠብቀው ግን እሱ ነው። ትልቅ ሰው ጠያቂ ይበዛበታል። ጎረቤት ለቡና ይመጣል፣ የእድር ሰው ይመጣል፣ ዘመድ ከገጠር ይመጣል። ይህ ሁሉ ሰው በሳሎን ሲያልፍ ምራት በገዛ ቤቷ እንግዳ ትሆናለች። ከሥራ ደክማ ገብታ ሰው ማስተናገድ አለባት። አማትም ይሳቀቃሉ፤ ቀስ እያሉ ሰው መጥራት ይተዋሉ። የራሳቸው በር ካለ ግን ማንንም ሳያስቸግሩ በረንዳቸው ላይ ቡናቸውን ያፈላሉ።

ስለዚህ ፕላኑ ከመሳሉ በፊት ምራትን አነጋግሩ። ወንድምን ብቻ ማነጋገር አይበቃም። እናትን የምታጥበው፣ መድኃኒት የምታቀብለው፣ ሌሊት የምትነሳው ብዙ ጊዜ እሷ ናት። አስታማሚ ሠራተኛ ይቀጠር ወይ? ደሞዟን ማን ይከፍላል? ሌሎቹ ልጆችስ ምን ያህል ያዋጣሉ? ይህ ሁሉ መሠረት ከመቆፈሩ በፊት ይነገር። እናትንም ራሳቸውን ጠይቁ። «እናንተ እንዳላችሁ» ይላሉ፤ ደግማችሁ ጠይቁ።

መጠኑን በተመለከተ 4 ሜትር በ4 ሜትር የሆነ መኝታ ይበቃል። አልጋ፣ ቁም ሳጥን፣ ሁለት ወንበርና ለአስታማሚ የሚሆን ፍራሽ ይይዛል። ሙሉ ማድ ቤት አያስፈልግም፤ ማዕዱ አንድ ቢሆን ይሻላል። ሲንክ፣ የቡና ዕቃ ማስቀመጫና ትንሽ ፍሪጅ የሚሰካበት ሶኬት ግን ይኑር። ኢንሱሊን የሚወስዱ ከሆነ ፍሪጁ የግድ ነው።

ገንዘባችሁ በዋናነት መዋል ያለበት መታጠቢያ ቤቱ ላይ ነው። ከመኝታው በቀጥታ ይገባበት። በሩ 90 ሴንቲ ሜትር ስፋት ይኑረው። ዛሬ ዊልቸር ባያስፈልግ ነገ ሊያስፈልግ ይችላል። በሩ ወደ ውጭ የሚከፈት ወይም ተንሸራታች ይሁን። ወደ ውስጥ የሚከፈት ከሆነ፣ ሰው ውስጥ ሲወድቅ በአካሉ ይዘጋዋል፤ ለመርዳት የመጣ ሰው ገፍቶ መግባት አይችልም። ውስጡ ላይ ዊልቸር የሚዞርበት 1 ሜትር ከ50 በ1 ሜትር ከ50 የሆነ ባዶ ቦታ ይተው። ሻወሩ ደፍ አይኑረው። ወለሉ ወደ ማፍሰሻው ትንሽ ቢያዘነብል ይበቃል። የሽንት ቤቱ መቀመጫ ከወለሉ 45 ሴንቲ ሜትር ወይም ትንሽ ከፍ ያለ ይሁን፤ ጉልበት ለሚያማቸው ከዚያ ዝቅ ካለ መነሳት ፈተና ነው። ለውዱእ ወይም እግር ለመታጠብ ዝቅ ያለ ቧንቧ ማስገባት ብዙ ወጪ የለውም። ሴራሚኩ የማያንሸራትት፣ ሻካራው ዓይነት ይሁን። ሻጩ የሚያብረቀርቀውን ያስቀድማል፤ ያንን ለሳሎን ይያዙት።

መያዣ ብረቱን ለብቻው ላንሳው። ከሽንት ቤቱ ጎንና ከሻወሩ ግድግዳ ላይ፣ ከወለሉ 85 ሴንቲ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይታሰራል። ግን እኛ አገር ግድግዳው በአብዛኛው ብሎኬት ነው፤ ብሎኬት ደግሞ ውስጡ ክፍት ነው። ብረቱ ባዶ ቦታ ላይ ከታሰረ፣ እናት በሙሉ ክብደታቸው ሲደገፉበት ተነቅሎ ይመጣል። ስለዚህ ብረቱ የሚያርፍባቸው ብሎኬቶች ገና ሲገነቡ በኮንክሪት ይሞሉ። ለፎርማኑ ቀድማችሁ ንገሩ። ሴራሚክ ከተለጠፈ በኋላ ከሆነ ማፍረስ ነው።

አዳማ የራሷ ጠባይ አላት። ከተማዋ በኮረብቶች መሃል ዝቅ ብላ የተቀመጠች ናት። ክረምት ላይ ከዳገቱ የሚወርደው ጎርፍ በአንዳንድ ሰፈሮች ግቢ ድረስ ይገባል። ስለዚህ ግንበኛው ወለሉን ከፍ ያደርጋል፤ ልክ ነው። ከፍታው ግን ደረጃ ይዞ ይመጣል። ወለሉ ከግቢው 45 ሴንቲ ሜትር ከፍ ካለ፣ ለዊልቸር የሚሆን ራምፕ 5 ሜትር ከ40 ርዝመት ይፈልጋል። ሒሳቡ ለ1 ሜትር ከፍታ 12 ሜትር ርዝመት ነው። ይህ ቦታ ከመጀመሪያው ፕላኑ ላይ ካልተያዘ፣ በኋላ የሚሠራው ራምፕ ቀጥ ያለ ቁልቁለት ይሆናል። ከደረጃው የባሰ ሰው ይጥላል። መኪና ወይም ባጃጅ እስከ ራምፑ ሥር መድረስ መቻሉንም እዩ። ሆስፒታል መሄድ ሲመጣ ያስፈልጋል።

ሙቀቱን ታውቁታላችሁ። ምዕራብ የሚያይ ግድግዳ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ጠጥቶ ማታ መልሶ ይተፋዋል። መኝታውን እዚያ አታድርጉ። ከቆርቆሮው ሥር ኮርኒስ ይግባ፤ በመሃሉ አየር የሚወጣበት ቀዳዳ ይኑር። መስኮት በሁለት አቅጣጫ ቢሆን ንፋስ ያልፋል። ወባ ስላለ መስኮቶቹ ላይ ወንፊት ይደረግ። አቧራውም ቀላል ስላልሆነ መስኮቱ ጥብቅ ብሎ የሚዘጋ ይሁን።

ውኃ ሁልጊዜ ስለማይኖር ሮቶ አስቡበት። የከተማው ውኃ ከአዋሽ ወንዝ ተጣርቶ የሚመጣ ነው። «ግቢ ውስጥ ጉድጓድ ብናስቆፍርስ?» የሚል ካለ ግን ቆም በሉ። ስምጥ ሸለቆ ውስጥ የከርሰ ምድር ውኃ ፍሎራይድ ይበዛበታል። ጎረቤት ወንጂ ላይ ለብዙ ዓመት የጉድጓድ ውኃ የጠጡ ሰዎች ጥርሳቸውና አጥንታቸው መጎዳቱ በጥናት የታወቀ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው። ማፍላት ፍሎራይድን አያስወግድም፤ ውኃው ሲተን ጭራሽ ይበዛል። ሳይመረመር ለመጠጥ አይሁን።

ወደ ወረቀቱ እንምጣ። ካርታው በማን ስም ነው? በወንድማችሁ ስም ከሆነ፣ የምታወጡት ገንዘብ የሚገባው የእሱ ቤት ውስጥ ነው። ቤቱ በጋብቻ ውስጥ የተፈራ ከሆነ ደግሞ የሚስቱም ነው። በወላጆች ስም ከሆነ፣ ኑዛዜ ከሌለ ልጆች ሁሉ እኩል ይወርሳሉ፤ ክፍሉን ያሠራው ማን ነው ተብሎ ድርሻ አይለይም። ስለዚህ ገንዘቡ ስጦታ ነው ወይስ ብድር? ስጦታ ከሆነ በሙሉ ልብ ስጡና እርሱት። ብድር ከሆነ ይጻፍ፤ ባልም ሚስትም ይፈርሙ። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር ያለ ጽሑፍ ማስረዳት በጣም ከባድ ነው። በወንድማማች መሃል ወረቀት ያሳፍራል ይባላል። በኋላ ፍርድ ቤት መገናኘት ግን ከዚያ በላይ ያሳፍራል።

ካርታው በእናንተ ስም ከሆነ ውክልና ያስፈልጋል። ባላችሁበት አገር የኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ይፈረማል። አዲስ አበባ ሲደርስ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ያረጋግጠዋል፣ ከዚያ ሰነዶች ማረጋገጫ ይመዘገባል። ተወካዩ የሚሠራውን ዘርዝራችሁ ጻፉ፦ ፈቃድ ማውጣት፣ ውል መፈራረም፣ ውኃና መብራት ማስገባት። ቤት መሸጥና በዋስትና ማስያዝ በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2205 መሠረት ልዩ ሥልጣን ይጠይቃሉ። ካልፈለጋችሁ አታስገቡት። ነባር ቤት ላይ መጨመርም የግንባታ ፈቃድ እንደሚጠይቅ አትርሱ። የክልሉ የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ስለሆነ ቋንቋውን የሚችል ተወካይ ብዙ ምልልስ ያድናል።

ገንዘቡን በባንክ ላኩ፤ ደረሰኙ ማስረጃችሁ ነው። ሐምሌ 2016 ላይ የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የባንኩ ዋጋም ቢሆን እንደ ድሮው አይደለም። በአንድ ጊዜ ግን አትላኩ። መሠረት፣ ግድግዳ፣ ጣሪያ፣ ፊኒሺንግ ብላችሁ ከፍሉት። ሲሚንቶ ለወራት ቀድሞ አይገዛ፤ ሲከማች ኃይሉ ይቀንሳል። የሚከታተለው መሐንዲስ ከግንበኛው ጋር ዝምድና የሌለው ይሁን።

ቪዲዮ ስታስልኩ የቆመውን ግድግዳ ብቻ አትዩ። ኮንክሪት በተሞላ ማግስት ውኃ ሲጠጣ የሚያሳይ ቪዲዮ ጠይቁ። በአዳማ ፀሐይ ቢያንስ ለ7 ቀን ካልጠጣ ይሰነጠቃል። ለእረፍት በመጣችሁበት አንድ ወር ውስጥ ሁሉን ለመጨረስ መሯሯጥም ይቅር። እናንተ ስትመጡ መታየት ያለበት መታጠቢያ ቤቱ ነው። እናት ራሳቸው ይግቡ፣ ይቀመጡ፣ ብረቱን ይዘው ይነሱ፣ ማታ መብራቱን ከአልጋቸው ሆነው ያብሩ። ያልተመቻቸው ነገር እዚያው ይስተካከል።

ከኮንትራክተሩ ዋጋ ላይ ደግሞ 10 በመቶ ያህሉ እንዲቆይ ውሉ ውስጥ አስገቡ። አንድ ክረምት ይለፍበት። አዲሱ ጣሪያ ከነባሩ ጋር የተገናኘበት ቦታ ካፈሰሰ ወይም ጎርፍ በረንዳው ላይ ከወጣ፣ ሠራተኛው መጥቶ ያስተካክል። ቀሪው ከመስከረም በኋላ ይከፈለዋል።