ሼፐርድስ ፓይ እቤታችሁ
ስሙ ፓይ ይሁን እንጂ ሊጥ የሚባል ነገር የለውም። የእንግሊዞች ምግብ ነው፤ ከታች የተፈጨ የበግ ሥጋ፣ ከላይ የተፈጨ ድንች። በበሬ ሥጋ ከሠራችሁት ስሙ ኮቴጅ ፓይ ነው፣ እንግሊዞቹ እዚህች ላይ ቀልድ አያውቁም።

ለአራት ሰው ግማሽ ኪሎ ሥጋ ይበቃል። ሰፋ ባለ መጥበሻ፣ ጠንከር ባለ እሳት ቡናማ እስኪሆን ጥበሱት። ቶሎ ቶሎ አታማስሉት፣ ጣዕሙ ያለው መጥበሻው ላይ በሚይዘው ቡኒ ነገር ውስጥ ነው። የበግ ስብ ይበዛል፣ ቀንሱለት። ከዚያ በደቃቁ የተከተፈ ሽንኩርትና ካሮት ጨምራችሁ ሲለሰልስ አንድ ማንኪያ የቲማቲም ድልህ፣ አንድ ማንኪያ ዱቄት፣ ትንሽ ጦስኝ፣ ካገኛችሁም ዉስተር ሶስ (ጠቆር ያለ፣ ኮምጠጥ የሚል የእንግሊዞች ማጣፈጫ) ጠብ አድርጉበትና በ300 ሚሊ ሊትር መረቅ ለግማሽ ሰዓት ያህል ይንተክተክ። ወፈር ማለት አለበት፣ ከቀጠነ ድንቹ ይሰምጣል።

800 ግራም ድንች ቀቅሉ፣ ውሃውን አጥልሉና ድስቱን ለአንድ ደቂቃ እሳት ላይ መልሱት፣ እንፋሎቱ ይውጣለት። በገበታ ቅቤና በትንሽ ትኩስ ወተት ፍጩት።

ሥጋው በረድ ሲል ድንቹን ከዳር ጀምራችሁ አልብሱት። በሹካ ጫሩት፣ ቀጥ ቀጥ ያሉት ጫፎች ናቸው ቀይ ሆነው የሚንኮሻኮሹት። 200 ዲግሪ በሞቀ ኦቨን ከ25 እስከ 30 ደቂቃ። ሲወጣ ለ10 ደቂቃ አትንኩት፣ አለበለዚያ ሳህን ላይ ይፈርሳል።