አሮጌ መኪና እንዳይፈላ፦ ከራዲያተር ክዳን ጀምሩ

ጎረቤቴ ጠዋት ጠዋት ኮፈኑን ይከፍትና አንድ ሃይላንድ ውሃ ራዲያተሩ ውስጥ ያንቆረቁራል። ሁለት ሃይላንድ ደግሞ ለመንገድ ከኋላ ይይዛል። «ዲኤክስ ናት፣ ትንሽ ትጠጣለች» ይላል። ውሃ የምትጠጣ መኪና ግን የለችም። የራዲያተር ውሃ ዝግ ዙር ውስጥ ነው የሚሽከረከረው። ከቀነሰ የሆነ ቦታ ወጥቷል።

አዳማ ላይ ነገሩ ይብሳል። ሙቀቱንና አቧራውን ሁላችንም እናማርራለን፤ ከፍታውን ግን የሚያስበው የለም። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,600 ሜትር በላይ ላይ ስላለች፣ እዚህ ክፍት ድስት ውስጥ ውሃ የሚፈላው በ95 ዲግሪ ገደማ ነው። አሰላ ላይ ወደ 92 ይወርዳል። የጤነኛ ሞተር ውሃ ደግሞ 90 አካባቢ ነው፤ ከመፍላት የሚለየው ጥቂት ዲግሪ ብቻ ነው። ታዲያ መኪናው ሁሉ ለምን አይፈላም? ክዳኑ ስላለ ነዋ። ክዳኑ ግፊት ያምቃል፤ የታመቀ ውሃ ከ110 ዲግሪ እስኪያልፍ አይፈላም። ክዳኑ ላይ 0.9 ወይም 1.1 የሚል ቁጥር ካያችሁ፣ የሚይዘው ግፊት ነው።

ስለዚህ ከክዳኑ ጀምሩ። መኪናዋ አድራ፣ ሞተሩ በረዶ ሲሆን ብቻ ክፈቱት። በጋለ ሞተር ላይ መክፈት ፊትን ማስቀቀል ነው። ከስሩ ያለው ጎማ ከደረቀ ወይም ከተሰነጠቀ፣ ስፕሪንጉም ከላላ፣ ቀይሩት። ቁጥሩ ከድሮው ጋር አንድ ይሁን፤ «ከገጠመ ይበቃል» የሚለውን አትስሙ። ከመኪናው ርካሽ ዕቃዎች አንዱ ይሄ ሆኖ ሳለ ሰው መጨረሻ ላይ ነው የሚያስታውሰው።

ቀጥሎ ፍሳሹን ፈልጉ። ማታ ሞተሩ ስር ካርቶን አንጥፉ፣ ጠዋት እርጥቡ ቦታ የት እንደሆነ እዩ። ቱቦዎቹ የሚታሰሩበት ላይ ነጭ ወይም አረንጓዴ ቅርፊት ካለ ከዚያ እየወጣ ነው፤ ብዙ ጊዜ ማሰሪያውን ማጥበቅ ይበቃል። ቱቦው ሲጫኑት እንደ ሊጥ ከለሰለሰ ወይም ከተሰነጠቀ ግን ይቀየር። የውሃ ፓምፑ ስር ጠብታ ካያችሁ ፓምፑ እየተበላሸ ነው። ካርቶኑ ደረቅ ሆኖ ውሃው ከቀነሰስ? የዘይት መሙያውን ክዳን ገልብጡ። ማኪያቶ የመሰለ አረፋ ከያዘ፣ ወይም ሞተሩ ከሞቀ በኋላም ነጭ ጭስ ካላቋረጠ፣ ውሃው ወደ ሞተር እየገባ ሊሆን ይችላል። ይሄ የጓሮ ሥራ አይደለም፤ መካኒክ ይየው።

የራዲያተሩን ፊት ደግሞ እዩት። የአዳማ ነፋስ ያመጣው አቧራና የሞተ ነፍሳት ተጋግሮበት ታገኙታላችሁ። ከሞተሩ በኩል ወደ ውጭ፣ በቀስታ ውሃ እጠቡት። ላቫጆ ውስጥ በሚተኩሰው ማሽን አታስመቱት፤ ስስ ክንፎቹ ይጣመማሉ።

ውሃው ዝገት ከመሰለ ለውጡት። ሞተሩ ቀዝቅዞ እያለ ከግርጌ ያለውን ማፍሰሻ ከፍታችሁ በሳህን ተቀበሉ። ኩላንት (የሞተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ) ያለበት ከሆነ ቦይ ውስጥ አትድፉት፤ ስለሚጣፍጥ ውሻም ልጅም ይልሰዋል፣ መርዝ ነው። ንጹህ እስኪወጣ አጥቡና ኩላንትና ዲስቲልድ ውሃ ግማሽ በግማሽ ሙሉ። ከውሃ ጋር ቀድሞ ተቀላቅሎ የሚሸጥ ኩላንት አለና ጀሪካኑን አንብቡ። አሞላሉ ላይ አትቸኩሉ። ሂተሩን ሙቅ ላይ አድርጉ፣ ክዳኑን ሳትገጥሙ አስነሱ፣ የላይኛው ቱቦ እስኪሞቅና አረፋው እስኪያቆም ጠብቁ። ሲጎድል ጨምሩ፣ ከዚያ ግጠሙ። ውስጥ የቀረ አየር ከውሃ እጥረት አይተናነስም።

አንድ ነገር ልጨምር። አንድ መካኒክ የኔን ቴርሞስታት (ውሃው ሲሞቅ ወደ ራዲያተር መንገዱን የሚከፍተውን በር) አውጥቶ «ለዚህ ሙቀት ምን ያደርግልሻል?» ብሎ ጣለው። እኔም አመንኩት። ሞተሩ ሳይሞቅ ብዙ መንገድ ይሄዳል፣ ቤንዚን ይበላል፣ ዳገት ላይ ደግሞ ያው ይፈላል። በብዙ ቶዮታዎች ቴርሞስታቱ ከወጣ የጋለው ውሃ በአቋራጭ ተመልሶ ሞተር ውስጥ ይገባል፤ ራዲያተሩን አያገኘውም። በኋላ አዲስ ገዛሁና ከመግጠሜ በፊት ድስት ውስጥ በክር አንጠልጥዬ ውሃ አሞቅኩበት። 82 የሚል ታትሞበታል፣ መክፈት የሚጀምርበት ዲግሪ ነው፤ ውሃው ሊፈላ ሲል ቀስ ብሎ አፉን ከፈተ። የእናንተንም እንዲሁ ሞክሩት። የማይከፍት ከሆነ ሙቀቱን እሱ ነው ያመጣው።

ሁሉም ካለቀ በኋላ ወደ አሰላ ውጡ፤ ወደ 800 ሜትር የሚጠጋ ዳገት ጥሩ ፈተና ነው። የሙቀት ጌጁ ዳገት ላይ ወጥቶ ሜዳ ላይ ከወረደ ራዲያተሩ ውስጡ ተደፍኖ ሊሆን ይችላል። ከተማ ውስጥ ባጃጅ መሃል ቆማችሁ ሲወጣና ስትነዱ ሲወርድ ደግሞ ፋኑን ወይም ቺንጊያውን እዩ። መርፌው ቀይ ከነካ ኤሲ ዝጉ፣ ሂተሩን እስከ ጥግ ክፈቱ፣ ዳር ይዛችሁ ሞተሩን አጥፉ። ግማሽ ሰዓት ጠብቁ። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ከደፋችሁ ቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ሊሰነጠቅ ይችላል።