ወደ ንጎሮንጎሮ የምትወርዱ ከሆነ

ታንዛኒያ ሄዳችሁ ወደ ንጎሮንጎሮ የእሳተ ገሞራ ጎድጓዳ የምትወርዱ ከሆነ፣ በሩ በንጋት እንደተከፈተ ግቡ፤ ጥቁር አውራሪስ የማየት ዕድላችሁ ሙቀቱ ሳይበረታ ይሰፋል። ወፍራም ሹራብ ልበሱ። አፋፉ ከ2,200 ሜትር በላይ ከፍታ ስላለው ጠዋት ጉም ይለብሳል፣ ብርዱም ያንዘፈዝፋል፤ 600 ሜትር ገደማ ወርዳችሁ ሜዳው ላይ ስትደርሱ ደግሞ ፀሐዩ ሹራቡን ያስወልቃችኋል። መኪና ከመንገድ እንዲወጣ ስለማይፈቀድ የሩቅ ማሳያ መነጽር የግድ ነው፤ ያለ እርሱ የተኛ አውራሪስ ከድንጋይ አይለይም።

ምሳችሁን ግን አደራ፣ መኪና ውስጥ ብሉ! ጉማሬዎች በሚተኙበት በንጎይቶኪቶክ ምንጭ ዳር ጭልፊቶች ከላይ ተወርውረው ዳቦውን ከእጅ ይመነትፋሉ፤ ጥፍራቸው ጣት ያደማል። ቀጭኔ ለማየት የጓጓ ልጅ ካላችሁ አጎራባቹ ሴሬንጌቲ ብሔራዊ ፓርክ ላይ አሳዩት፤ ጎድጓዳው ውስጥ አትጠብቁ።