ከሱሉልታ ተነስቶ ኮሎኝ ካቴድራልን ለሚያይ

ጎረቤቴ ያሉ እናት ልጃቸውን ሊጠይቁ ጀርመን ሊሄዱ ነው። ከብርዱም ከቪዛውም በላይ ያሳሰባቸው ግን «እዚያ ትልቁ ቤተ ክርስቲያን ስገባ ጫማዬን አወልቃለሁ?» የሚለው ነው። አያወልቁም እማማ። ነጠላዎን ጣል አድርገው ይግቡ። ወንዶች፣ እናንተ ኮፍያችሁን አውልቁ።

መድረሱ ቀላል ነው። ፍራንክፈርት ኤርፖርት ካረፋችሁ ፈጣኑ ባቡር በአንድ ሰዓት ገደማ ኮሎኝ ዋናው ጣቢያ ያደርሳችኋል፣ ከጣቢያው ብቅ ስትሉ ደግሞ ካቴድራሉ ፊታችሁ ተገትሯል፣ መንገድ መጠየቅ የለም። ትልልቅ ሻንጣ ስለማያስገቡ ጣቢያው ውስጥ አስቀምጡ።

ጥቁረቱን አይታችሁ ተቃጥሎ እንዳይመስላችሁ፣ ድንጋዩ የከተማውን ጭስ ጠጥቶ ነው። ሥራው በፈረንጆቹ 1248 ተጀምሮ በ1880 አለቀ። መሃል ላይ 300 ዓመት ገደማ ቆሞ ነበር፤ ክሬኑ ሳይቀር ግንቡ አናት ላይ እንደተሰቀለ ቀረ። እኛ ሰፈር ብረቱ ወደ ሰማይ ቆሞ የቀረ ፎቅ ያላችሁ እንግዲህ ተጽናኑ።

ጸሎት ላይ ጉብኝት ስለሌለ ሰዓቱን አስቀድማችሁ እዩ። ከገባችሁ በኋላ እንደ ቱሪስቱ መስኮት መስኮቱን ፎቶ እያነሳችሁ እንዳትወጡ። ቀጥ ብላችሁ ወደ ፊት፣ ከዋናው መንበር ጀርባ ሂዱ። እዚያ በወርቅ የተለበጠ ትልቅ ሣጥን አለ። የሰብአ ሰገል አፅም ያረፈበት ነው ተብሎ ይታመናል፤ አፅሙ በ1164 ከሚላን የመጣ ሲሆን ካቴድራሉ ይህን ያህል የገዘፈውም ለሱ ሲባል ነው። በየገናው ወርቅ፣ ዕጣንና ከርቤ ሲባል እየሰማ ላደገ ሰው እኔ ከዚህ የሚበልጥ ነገር አላየሁበትም።

ጉልበት ያለው ከፍሎ ደቡቡን ግንብ ይውጣ። 533 ደረጃ፣ ጠባብና ጠመዝማዛ። ኮሎኝ ቆላ ስለሆነች የሱሉልታ ሰው ትንፋሽ አያጥረውም፣ ጉልበት ግን ሌላ ጉዳይ ነው። መንገድ ላይ 24 ቶን የሚመዝነውን ደወል ታያላችሁ፤ የከተማው ሰው «ወፍራሙ ጴጥሮስ» ይለዋል።

ትናንት ደግሞ እማማ «ጧፍ ይዤ ልሂድ?» አሉኝ። ሻማው እዚያው አለ፣ ሳንቲም ሣጥኑ ውስጥ ጣል አድርጎ ማብራት ነው። ዝርዝር ዩሮ ያዙ።